ዋልደማር ሀፍኪን

ዋልደማር ሞርደካይ ሀፍኪን (ማርች 15 ቀን 1860 – ኦክቶበር 26 ቀን 1930) በዛሬዋ ዩክሬን የተወለደ፣ በፈረንሳይና በሕንድ የሠራ የባክቴሪያ ተመራማሪ ነበር። በተለይ የሚታወቀው የኮሌራ ክትባትንና በሰፊው ለሰው የተሰጠውን የመጀመሪያውን የቸነፈር ክትባት በማዘጋጀቱ ነው። ሁለቱንም ክትባቶች ለሌላ ሰው ከመስጠቱ በፊት በራሱ አካል ላይ ሞክሯቸዋል። በ1902 በሕንድ ፑንጃብ ክፍለ ሀገር የእሱን ክትባት የወሰዱ 19 ሰዎች በመንጋጋ ቆልፍ ሲሞቱ ጥፋተኛ ተብሎ ሥራውን አጣ። ከዚህ ክስ ነጻ የወጣው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ሀፍኪን የተወለደው በጥቁር ባሕር ዳርቻ በምትገኘው በኦዴሳ ከተማ፣ ከአይሁድ ነጋዴ ቤተሰብ ነው። ከተማዋ በዚያን ጊዜ በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሥር ነበረች። ልጅነቱን በበርድያንስክ አሳልፎ በ1879 ወደ ኦዴሳ ዩኒቨርሲቲ ገባ። እዚያም ኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ኢልያ ሜችኒኮቭ አስተማሪው ነበር።

በ1881 በኦዴሳ በአይሁዶች ላይ የቤት ማቃጠልና የግድያ ዘመቻ ተነሣ። ሀፍኪን ሰፈራቸውን ለመከላከል ከተደራጁት ወጣቶች ጋር ሆኖ ሲታገል ቆሰለ፤ ታሰረም። የተፈታው ሜችኒኮቭ ስለ እሱ በመመስከሩ ነው። ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ በዩኒቨርሲቲው መምህር ለመሆን የኦርቶዶክስ ክርስትናን መቀበል ይጠበቅበት ነበር። ሀፍኪን ሃይማኖቱን አልለውጥም በማለቱ የመምህርነቱ በር ተዘጋበት። ስለዚህ እስከ 1888 ድረስ በከተማው የእንስሳት ጥናት ሙዚየም ውስጥ ሲሠራ ቆየ።

በፓሪስ

ሀፍኪን በ1888 ወደ ስዊዘርላንድ ተሰዶ በጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ረዳት አስተማሪ ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ፓሪስ አቀና፤ ሜችኒኮቭም ቀደም ብሎ ወደዚያው ሄዶ በሉዊ ፓስተር ተቋም ይሠራ ነበር። በተቋሙ ለሀፍኪን የተገኘለት ክፍት የሥራ ቦታ የቤተ መጻሕፍት ረዳትነት ብቻ ነበር። ቀን መጻሕፍት እያደለ፣ በትርፍ ጊዜው ደግሞ በቤተ ሙከራ ምርምሩን ቀጠለ። መጀመሪያ ያጠናው ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታትን ነበር፤ ቀጥሎ ወደ ኮሌራ ዞረ።

የኮሌራ ክትባት

የኮሌራ ክትባት ሐሳብ ከሀፍኪን በፊት ነበረ። በ1885 ስፔናዊው ሐኪም ዣውሜ ፌራን በቫሌንሲያ ብዙ ሰዎችን ከትቦ ነበር። ሆኖም ጉዳዩን ለማጣራት ከፈረንሳይ ለመጡት ሐኪሞች የአዘገጃጀቱን ምስጢር ሙሉ በሙሉ ለመግለጥ ፈቃደኛ አልሆነም። በዚህ ምክንያት ብዙ ሳይንቲስቶች ሥራውን ተጠራጠሩት። ስለዚህ ሀፍኪን ወደዚህ ምርምር ሲገባ ጥርጣሬው ቀድሞ ጠበቀው።

ሀፍኪን ሁለት ዓይነት ፈሳሽ አዘጋጀ። የኮሌራውን ባክቴሪያ በ39 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አየር እየነፋበት በማሳደግ የተዳከመ ዘር አገኘ። ይኸው ባክቴሪያ ጊኒ ፒግ ከሚባሉት ትናንሽ እንስሳት ከአንዱ ወደ ሌላው በተከታታይ 39 ጊዜ ሲተላለፍ ደግሞ የበረታ ዘር ተገኘ። ሰው መጀመሪያ በደካማው ይከተባል፤ ሰውነቱ በሽታውን ከለመደ በኋላ፣ ከስድስት ቀን ቆይታ በኋላ፣ በብርቱው ይከተባል።

ጁላይ 18 ቀን 1892 ሀፍኪን የመጀመሪያውን መርፌ በራሱ ወገን ላይ ወጋ። ትኩሳትና ሕመም ተሰምቶት ከጥቂት ቀናት በኋላ ተሻለው፤ ሁለተኛውንም ወሰደ። ከዚያ ጓደኞቹንና ሌሎች ፈቃደኞችን ከተበ፤ በዚያው ወር መጨረሻም ውጤቱን በፓሪስ ለሥነ ሕይወት ማኅበር አቀረበ። ይሁን እንጂ ጤነኛ ሰው ክትባቱን ችሎ መዳኑ ክትባቱ በሽታውን ይከላከላል ማለት አልነበረም። ይህን ለማረጋገጥ ኮሌራ ወዳለበት አገር መሄድ ያስፈልግ ነበር።

በሕንድ

ቀድሞ የሕንድ እንደራሴ የነበረውና በዚያን ጊዜ በፓሪስ የእንግሊዝ አምባሳደር የሆነው ሎርድ ዳፈሪን ሀፍኪን ምርምሩን በሕንድ እንዲቀጥል መከረው። ሀፍኪን በማርች 1893 ካልካታ ደረሰ። በሕንድ ያሉ ብዙ የእንግሊዝ ሐኪሞች ከሩሲያ ግዛት የመጣ፣ የሕክምና ዲግሪ የሌለውን ይህን የእንስሳት አጥኚ በበጎ ዓይን አላዩትም። እሱም ሥራውን ከሕንዳውያን ሐኪሞች ጋር አብሮ ያዘ።

የሀፍኪን አሠራር ሁለት መርሆች ነበሩት። አንደኛው ክትባቱ በፈቃድ ብቻ እንዲሆን ነው። ሁለተኛው የተከተቡትንና ያልተከተቡትን በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዓይነት ኑሮ ውስጥ ማነጻጸር ነው። ከተቻለም ከአንድ ቤተሰብ ግማሹ ተከትቦ ግማሹ ሳይከተብ እንዲቀር ይመርጥ ነበር፤ ምክንያቱም ሁሉም ከአንድ ጉድጓድ ይጠጣሉ።

በማርች 1894 በካልካታ ካታል ባጋን በሚባል የድሆች ሰፈር ኮሌራ ገባ። ሀፍኪንና ባልደረቦቹ ከ200 ያህል ነዋሪዎች 116ቱን ከተቡ። ከዚያ በኋላ በሰፈሩ አሥር ሰዎች ታመሙ፤ ሰባቱ ሞቱ። አሥሩም ያልተከተቡ ነበሩ። ይህ ውጤት የከተማውን አስተዳደር አሳመነ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከ40 ሺህ በላይ ሰዎች ተከተቡ። ሀፍኪን ግን በወባ ታሞ በ1895 ወደ አውሮፓ ለመመለስ ተገደደ።

የቦምቤ ቸነፈር

ሀፍኪን እንደ ተመለሰ፣ በ1896 ቸነፈር ወደ ቦምቤ (ዛሬ ሙምባይ) ገባ። ይህ በሽታ በአይጥና በቁንጫ የሚዛመት፣ በብብትና በብሽሽት እብጠት የሚያወጣ፣ በጊዜው ከተያዙት ብዙዎቹን የሚገድል ነበር። መንግሥት በኦክቶበር ሀፍኪንን ወደ ቦምቤ ላከው። በግራንት ሕክምና ኮሌጅ አንዲት ጠባብ ክፍል፣ አንድ ጸሐፊና ሦስት ያልሠለጠኑ ረዳቶች ተሰጡት።

በሦስት ወር ውስጥ ክትባቱ ተዘጋጀ። ጃንዩዌሪ 10 ቀን 1897 ሀፍኪን 10 ሚሊ ሊትር በራሱ ላይ ወጋ። ይህ ኋላ ለሌሎች ሰዎች ከተወሰነው መጠን ከሦስት እጥፍ በላይ ነበር። ብርቱ ትኩሳት ይዞት ከጥቂት ቀናት በኋላ ዳነ።

በዚያው ወር መጨረሻ በባይኩላ ወህኒ ቤት ቸነፈር ሲገባ ከእስረኞቹ 147 ተከተቡ፤ 172 ሳይከተቡ ቀሩ። ካልተከተቡት 12 ታመው ስድስቱ ሞቱ፤ ከተከተቡት ሁለት ታመሙ፣ የሞተ ግን አልነበረም። ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም ተመሳሳይ ውጤት በሌሎች ቦታዎችም ታየ። በ1898 የተቋቋመው የሕንድ የቸነፈር ኮሚሽንም ክትባቱ የሚታመሙትንና የሚሞቱትን ቁጥር እንደሚቀንስ መሰከረ፤ ፍጹም መከላከያ ግን እንዳልሆነ ገለጸ። የመድኃኒቱ መጠን አለካክ ጉድለት እንዳለበትም ነቀፈ።

የኢስማኢሊ ሙስሊሞች መሪ አጋ ካን ሦስተኛ በሰው ፊት ራሱን አስከተበ፤ ተከታዮቹም እንዲከተቡ አደረገ። ለቤተ ሙከራውም የራሱን ቤት ሰጠ። በ1899 ቤተ ሙከራው በፓሬል ወደሚገኘው የቀድሞ የገዢው መኖሪያ ተዛወረ። በአዲሱ ክፍለ ዘመን መግቢያ በሕንድ የተከተበው ሕዝብ ቁጥር ወደ አራት ሚሊዮን ደረሰ።

ክትባቱ ምን ነበረበት?

የቸነፈሩ ክትባት ከኮሌራው የሚለየው ሕይወት ያለው ባክቴሪያ ስላልነበረበት ነው። አዘገጃጀቱ በአጭሩ እንዲህ ነበር፦

የሥጋ መረቅ፦ ባክቴሪያው የሚያድግበት ምግብ ነው። በአውሮፓ ቤተ ሙከራዎች መረቁ በአብዛኛው ከበሬ ሥጋ ይሠራ ነበር። ሀፍኪን ግን ለሂንዱዎች የላም፣ ለሙስሊሞች የአሳማ ሥጋ ነውር መሆኑን አውቆ የፍየል ሥጋ ተጠቀመ።

ንጥር ቅቤ፦ በመረቁ ላይ ጥቂት ጠብታ ይጨመራል። ባክቴሪያው ከሚንሳፈፈው ቅቤ ሥር ተንጠልጥሎ ያድጋል፤ ጠርሙሱ ሲነቀነቅ ወደ ታች ይወርድና እንደገና ይበቅላል። በዚህ መንገድ ብዙ ባክቴሪያ ይገኛል።

የሞተ የቸነፈር ባክቴሪያ፦ መረቁ በ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለአንድ ሰዓት ይሞቃል፤ ባክቴሪያውም ይሞታል። የሞተው ባክቴሪያ በሽታ አያስይዝም፤ ሰውነት ግን አይቶ መከላከያውን ያዘጋጃል።

ካርቦሊክ አሲድ፦ ከመቶ ግማሽ እጅ ብቻ ይጨመራል። ይህ በራሱ ከቸነፈር አያድንም፤ ሥራው ሌላ ጀርም በጠርሙሱ ውስጥ እንዳይበቅል መጠበቅ ነው።

ጥርጣሬውና ምክንያቱ

ሕዝቡ ክትባቱን የተጠራጠረው ባለማወቅ ብቻ አልነበረም። መንግሥት በ1897 ባወጣው የወረርሽኝ ሕግ መሠረት ወታደሮችና ሠራተኞች ቤት ለቤት ይፈትሹ፣ የታመመውን ከቤተሰቡ ለይተው ይወስዱ፣ ንብረት ያቃጥሉ፣ ተጓዦችን ከባቡር አውርደው ይመረምሩ ነበር። የሴቶች በባዕድ ሰው መመርመር በተለይ ትልቅ ቁጣ አስነሣ። በጁን 1897 በፑና ከተማ ይህን ሥራ የሚመራው ዋልተር ራንድ በጥይት ተመታ፤ ኋላም ሞተ።

ክትባቱ የመጣው በዚያው መንግሥት እጅ ስለ ነበር ጥርጣሬው ወደ እሱም ተሻገረ። መርፌው ክንድ ያህል ርዝመት አለው፣ የተወጋ ወዲያው ይሞታል፣ ወንዱን ኃይሉን ያሳጣዋል፣ ሴቷን መካን ያደርጋታል የሚሉ ወሬዎች ተናፈሱ። ሃይማኖት የሚከለክለው ነገር አለበት የሚለውም ስጋት ነበረ። ለዚህ ለመጨረሻው ስጋት የፍየሉ መረቅና ንጥር ቅቤው መልስ ነበሩ። በግድ ቤት መፈተሽ ለወለደው ጥርጣሬ ግን በጠርሙስ ውስጥ የሚጨመር መልስ አልነበረም።

የሙልኮዋል አደጋ

በ1902 በፑንጃብ ሰፊ የክትባት ዘመቻ ተጀመረ። የሚፈለገው ክትባት እጅግ ስለበዛ ቤተ ሙከራው በፍጥነት ለማምረት የአሠራር ለውጥ አደረገ፦ ባክቴሪያውን በመረቅ ፋንታ በአጋር ላይ ማሳደግ ጀመረ፤ ካርቦሊክ አሲዱንም ተወ። ሀፍኪን ይህን ያደረገው በሙቀት መግደልና በጥንቃቄ መሥራት ይበቃል ብሎ ነው።

ኦክቶበር 30 ቀን 1902 ዛሬ በፓኪስታን በሚገኘው በሙልኮዋል መንደር 107 ሰዎች ተከተቡ። ክትባቱ የተቀዳው ከአምስት ጠርሙሶች ነበር። ከሳምንት በኋላ ከአንዱ ጠርሙስ የተከተቡት 19 ሰዎች የመንጋጋ ቆልፍ ምልክት ታየባቸው፤ 19ኙም ሞቱ። ከሌሎቹ አራት ጠርሙሶች የተከተቡት ምንም አልሆኑም።

የመንጋጋ ቆልፍ ጀርም በአፈርና በእበት ውስጥ የሚኖር እንጂ ከቸነፈር ጋር የሚገናኝ አይደለም። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ጀርሙ ወደዚያ ጠርሙስ የገባው መቼ ነው የሚል ሆነ፦ በቦምቤ ቤተ ሙከራ ሲሞላ ነው ወይስ በመንደሩ ሲከፈት?

ምርመራውና ክርክሩ

መንግሥት በቦምቤ ዋና ዳኛ በሰር ሎረንስ ጄንኪንስ የሚመራ ኮሚሽን አቋቋመ። ኮሚሽኑ ጀርሙ የገባው በቤተ ሙከራው ውስጥ፣ ጠርሙሱ ከመከፈቱ በፊት ነው ሲል ወሰነ። የካርቦሊክ አሲዱ መቅረት ደግሞ ከባድ ስሕተት ተባለ። ሀፍኪን ከዳይሬክተርነቱ ተነሥቶ በ1904 ወደ እንግሊዝ አገር ሄደ። የምርመራው ሰነድ ለሕዝብ የታተመው ግን በ1906 መጨረሻ ነው።

ሰነዱ ሲታተም ሌሎች ሳይንቲስቶች ማስረጃውን ራሳቸው መመርመር ቻሉ። ወባ በትንኝ እንደሚተላለፍ በማረጋገጥ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሮናልድ ሮስና የለንደኑ ፕሮፌሰር ዊልያም ሲምፕሰን ለሀፍኪን ተሟገቱ። ያቀረቧቸው ዋና ነጥቦች እነዚህ ነበሩ፦

በመንደሩ ጠርሙሱን የከፈተው ረዳት የቡሹን መንቀያ ወረንጦ መሬት ላይ ጥሎት ነበር። አንሥቶም በሚገባ ከጀርም ሳያጸዳው ጠርሙሱን ከፈተበት።

የመንጋጋ ቆልፍ ጀርም በታሸገ ጠርሙስ ውስጥ ለሳምንታት ሲያድግ ብርቱ ክርፋት ያመጣል። ጠርሙሱ ሲከፈት ግን ምንም መጥፎ ሽታ አልነበረውም።

ከመቶ ግማሽ እጅ ካርቦሊክ አሲድ የመንጋጋ ቆልፍን ጠንካራ ዘር አይገድልም። ስለዚህ አሲዱ ቢኖርም ኖሮ ሰዎቹ ይተርፉ ነበር ለማለት አይቻልም።

በጁላይ 1907 አሥር ታዋቂ ሳይንቲስቶች በለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ ላይ በወጣ ደብዳቤ ፈርመው በሀፍኪን ላይ የተሰጠው ፍርድ በማስረጃ እንዳልተደገፈ አስታወቁ። በኖቬምበር 1907 መንግሥት ሀፍኪንን ነጻ አድርጎ ወደ ሥራው መለሰው። ሀፍኪን አይሁዳዊ ስለ ነበር አንዳንዶች ጉዳዩን በፈረንሳይ በሐሰት ከተከሰሰው ከመኮንኑ ከአልፍሬድ ድሬፉስ ጉዳይ ጋር አመሳስለውታል።

የሀፍኪን ነጻ መውጣት ግን የ19ኙን ሰዎች ሞት አላስቀረም፤ በክትባት ምክንያት ሞተዋል የሚለውም እውነት ነው። የሞቱት ክትባቱ በባሕርዩ መርዝ ስለ ሆነ ሳይሆን አንድ ጠርሙስ ስለ ተበከለ ነው። በፑንጃብ ሕዝብ ዘንድ ግን ይህ ልዩነት ክፍተቱን አልሞላም፤ የክትባት ዘመቻውም በአደጋው ምክንያት ክፉኛ ተሰናከለ።

ኋለኛው ዘመን

ሀፍኪን ወደ ሕንድ ሲመለስ የቦምቤው ቦታው በሌላ ሰው ተይዞ ነበር። በካልካታ የአንድ ቤተ ሙከራ ዳይሬክተር ሆነ፤ ክትባት የማምረት ዕድል ግን አልተሰጠውም። ከዚያ በኋላ ጥቂት ጥናቶችን ብቻ አሳትሞ በ1914 ጡረታ ወጣ።

የቀረውን ዕድሜውን በፈረንሳይና በስዊዘርላንድ አሳለፈ። ሀፍኪን ትዳር አልያዘም። በእርጅናው ወደ አባቶቹ ሃይማኖት ይበልጥ ተጠግቶ በ1916 ስለ አይሁድ እምነት ጥብቅና የሚከራከር ጽሑፍ አሳተመ። በ1929 ሀብቱን ለምሥራቅ አውሮፓ የአይሁድ ሃይማኖት ትምህርት ቤቶች በሚረዳ ድርጅት ስም አደረገ። በሚቀጥለው ዓመት በ70 ዓመቱ በሎዛን ከተማ አረፈ።

መታሰቢያው

በ1925 የቦምቤው የቸነፈር ቤተ ሙከራ በሀፍኪን ስም ተሰየመ። ተቋሙ ዛሬም በሙምባይ በፓሬል ሰፈር ይገኛል። በ1964 የሕንድ ፖስታ ቤት ምስሉን የያዘ ቴምብር አወጣ።

ስሙ በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ እንደገና ተነሣ። በ2021 ከተቋሙ የወጣው ሀፍኪን ባዮ ፋርማሲውቲካል ኮርፖሬሽን ኮቫክሲን የተባለውን የሕንድ ክትባት ለማምረት ከመንግሥት ፈቃድ አገኘ። ኮቫክሲን የሚሠራው ሀፍኪን በቸነፈር ክትባቱ በተከተለው ሐሳብ ነው፦ የተገደለ የኮሮና ቫይረስ፣ ሰውነትን ይበልጥ የሚያነቃ የአሉሚኒየም ውሕድ፣ እንዲሁም ከአንድ ጠርሙስ ለብዙ ሰው ሲቀዳ ሌላ ጀርም እንዳይበቅልበት የሚጠብቅ ፌኖክሲኢታኖል የሚባል ንጥረ ነገር አለበት። ይህ የመጨረሻው ሥራው የካርቦሊክ አሲዱን ዓይነት ነው።

በዚያው ጊዜ በብዙ አገሮች ክትባቱ መካን ያደርጋል፣ ሃይማኖት የሚከለክለው ነገር አለበት የሚሉ ወሬዎች ተሰምተዋል። እነዚህ በ1897 በቦምቤ ከተናፈሱት ጋር የሚቀራረቡ ናቸው። የሀፍኪን ታሪክ እንደሚያሳየው በክትባቱ ውስጥ ምን አለ ብሎ መጠየቅ ስሕተት አይደለም፤ ጥያቄው በግልጽ ሲመለስ ሰዎች ተከትበዋል። ሀፍኪንን ከሐሰት ክስ ያወጣውም በድብቅ ተይዞ የነበረው ሰነድ ታትሞ ለሁሉም መገለጡ ነው።